የእመት መሪማ ማንቆርቆሪያ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የጥቅምት ወር ሊገባደድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ራሱን ደፍቶ ቆሞ ነበር፤ የሚያጭደው ሰው ግን አልነበረም። ቦርከና የክረምቱን ጭቃ አራግፎ ጠርቶ ይወርድ ነበር፤ በሌላ ዓመት ቢሆን ከአፋር ቆላ የሚወጡት ከብቶች በዚህ ወቅት ወደ ሣሩ መቅረብ በጀመሩ ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ከሰሜን ተነሥቶ ከተማ ከከተማ እየተሻገረ በደሴ መንገድ ቁልቁል ወረደ፤ ከሚሴም በዚያው መንገድ ላይ የተቀመጠች ናትና የምትሸሽበት አልነበራትም። ከነዋሪዎቿ ግማሹ ገጠር ወዳለ ዘመዱ ሄደ፤ ግማሹ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ መብራት ጠፋ፤ ቀጥሎ ስልኩ ተቋረጠ፤ በመጨረሻ ሚኒባሱም ባጃጁም ቀረና መንገዱ ባዶውን ተጋደመ።

ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ብዙ ይጻፋል። የጦር አዛዦቹን ነገር ለሌሎች ትቼ እኔ የምተርከው የአንዲት ውሃ አፍሳሽ ሴትን ነገር ነው።

በከተማይቱ ላይኛው ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ መሪማ የተባሉ የሰባ ስድስት ዓመት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ሕዝቡ “እመት” ይላቸዋል፤ ይህን ማዕረግ የሰጣቸው ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሴቶች ጀናዛ ስላጠቡ ነው። የነጋዴ ሚስት ብትሆን የቀን ሠራተኛ፣ ሙሽራ ብትሆን ባልቴት፣ በዚያ ሰፈር ነፍሷ የወጣች ሴት ሁሉ በእሳቸው እጅ ታጥባ፣ በእሳቸው እጅ ከፈኗን ለብሳ ወደ መቃብር ትሄድ ነበር። ከጎናቸው የማትለየው ደረሳቸው፣ ማለትም ተማሪያቸው፣ ረቢአ ትባላለች። ረቢአ በዚያን ጊዜ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነበረች፤ ባሏ ፈትቷታል፤ ልጅ አልወለደችም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የእመትን የናስ ማንቆርቆሪያ ይዛ ውሃ ስታፈስ ኖራለች።

የእመት ቤት ወግ እንዲህ ነበር፤ መምህሪቱ ጀናዛውን ትነካለች፣ ደረሳይቱ ውሃውን ታፈሳለች፤ ደረሳይቱ የደረሰች ዕለት መምህሪቱ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀብላ ራሷ ታፈስላታለች። ኢጃዛው፣ ማለትም ፈቃዱ፣ ይኸው ነው፤ ወረቀት የለውም፣ ምስክር የለውም። ይህን ሳታገኝ ጀናዛ የነካች እጅ ውሃዋ አያነጻም ይባል ነበር። ማን እንዳለው የሚያውቅ አልነበረም፤ ረቢአ ግን እንደ ፈጣሪ ቃል ይዛው ነበር።

ለዚህም ምክንያት ነበራት። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሠርጓ ሳምንት የሞተች ሙሽራ ሲያጥቡ፣ ረቢአ የሂና ቀለም ያልለቀቀውን የሙሽራይቱን መዳፍ አይታ እጇ ከዳት፤ ማንቆርቆሪያው ወደቀ፤ ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። እመት ቀና ብለው አዩዋትና “ገና ነሽ” አሏት። ከዚያ ወዲያ በጠየቀች ቁጥር መልሱ ያው ነበር። ቅደም ተከተሉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለእጥበቱ ውሃ የሚሆነውን የቁርቁራ ቅጠል የምትወቅጠው፣ ከፈኑን የምትቀድደው እሷ ናት፤ ግና ገና ነበረች።

ጥቅምት አሥራ አምስት ቀን እመት የእኅታቸው ልጅ ባል ሞቶባት ለተዕዚያ ወደ ሰንበቴ ከተማ ሲነሡ፣ ረቢአ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው።

“እመት፣ እርስዎ በሌሉበት ሰው ቢሞትስ?” አለቻቸው።

“ሦስት ቀን ነው ልጄ፤ በሦስት ቀን ማን ይሞታል” አሉና ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ማንቆርቆሪያው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። የተዕዚያው ቀን ተራዝሞ ሳይመለሱ፣ በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ቀን፣ ዓርብ ማለዳ፣ ዓፊያ የምትባል እህል ነጋዴ ሞተች። የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ መድኃኒቱ ከፋርማሲዎቹ ከጠፋ አሥረኛ ቀኑ ነበር። ባሏ ቀድሟት አርፏል፤ የቀሩላት የሃያ ዓመት ልጇ ሱዓድና ወንድሟ ኸይረዲን ብቻ ነበሩ። ሁለቱም የመስጊዱን ኢማም ሼህ አደምን ይዘው ወደ ረቢአ መጡ።

“ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለች ረቢአ ሱዓድን አቅፋ።

“እመት የሉም” አለ ኸይረዲን፤ “ያለሽው አንቺ ነሽ። ተነሺልን።”

ረቢአ ወደ መሬት አየች። “አያ ኸይረዲን፣ እኔ እኮ ውሃ አፍሳሽ ነኝ። ነክቼ አላውቅም። ኢጃዛ የለኝም።”

ሼህ አደም ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “ልጄ ረቢአ፣ ኪታቡ ማወቅሽን እንጂ ኢጃዛሽን አይጠይቅም። ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም?”

“አውቃለሁ ሼህ።”

“በቃ፤ ካወቅሽ ግዴታሽ ነው። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።”

“ብሳሳትስ? የሰው እናት ናት። ውሃዬ ባያነጻትስ? ቂያማ ቀን ዓፊያ ብትይዘኝ ምን እመልሳለሁ?” አለች። “እመት ይመጣሉ። አንድ ቀን ብቻ ጠብቁኝ፤ ወላሂ ይመጣሉ።”

በዚህ ጊዜ ሱዓድ ቀረብ አለች። “እቴ ረቢአ፣ አንቺ አትንኪያት። እበሩ ላይ ቁሚና በቃልሽ ንገሪኝ፤ እኔ በእጄ ላድርገው። እናቴ ናት፤ እኔ አልፈራትም።”

አንባቢዬ ሆይ፣ በዚያ ሰዓት ረቢአ “እሺ” ብትል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። ነገር ግን ሰው ለዓመታት “ገና ነሽ” ሲባል ከኖረ ቃሉን የሚለው ሌላ ሰው በሌለበትም ጊዜ ራሱ ለራሱ ይለዋል። ረቢአ ራሷን ነቀነቀች። “ቃሉም ያለ ፈቃድ አይወጣም” አለች። ይህን ማንም አስተምሯት አያውቅም፤ ፍርሃቷ እዚያው የፈጠረው ነበር።

የሰፈሩ ሌሎች ሴቶች ተጠየቁ። የቻሉት ሸሽተዋል፤ የቀሩት “ሰባት ዓመት ያየችው ከፈራች እኛማ” እያሉ ገለል አሉ። የሴትን እጥበት ወንድ ከደጅ ሆኖ ማዘዝ በሰፈሩ ነውር ስለነበር ሼህ አደምም ለሱዓድ ሊነግሯት አልቻሉም። ስለዚህ ጠበቁ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ በሩ ተከፍቶ፣ ሱዓድ ከእናቷ ራስጌ ዝንብ እየከለከለች ተቀመጠች፤ ረቢአም ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆማ ዋለች። የጨፋ ሙቀት በጥቅምትም ጀናዛ አይታገሥም። ቅዳሜ ከእኩለ ቀኑ የዙህር ስግደት በፊት ሼህ አደም ወደ ቤቱ ገብተው ወጡና “ከዚህ በላይ ማቆየት በደል ነው” ብለው በየኑ። ኸይረዲን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ንጹሕ አፈር መታ፤ የእኅቱን ፊት አበሰ፤ እጆቿን አበሰ፤ ተየሙሙ ይኸው ነበር፤ በዲኑም ውሃ ወይም አጣቢ ለታጣበት የተፈቀደ ነው። ከዚያ ከፈኗን ለበሰች። ዓፊያ ዕድሜዋን ሙሉ በገበያ አቧራ ውስጥ የኖረችና ማታ ማታ ገላዋን ሳትታጠብ መኝታዋን የማትነካ ሴት ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር።

ከቀብር ሲመለሱ ረቢአ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልትል ወደ ሱዓድ ቀረበች። ልጂቱ አላለቀሰችም። “እናቴ አፈር ለብሳ አፈር ገባች” ብላት አለፈች።

ከዚያች ቀን ወዲህ ያሉትን ሳምንታት ረቢአ እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ለመናገር ይከብዳል። ስግደቷን አላቋረጠችም፤ ነገር ግን ለውዱእ ውሃ ስትነካ እጇ ይቆማል፤ ያ ውሃ ያን ዓርብም የነበረ ውሃ ነው፤ ያቺ እጅ ያን ዓርብም የነበረች እጅ ናት። በሱዓድ ደጅ ማለፍ ስለከበዳት ዞራ በጀርባ መንገድ ትሄድ ጀመር። በከተማይቱ በሰፈረው ጦር፣ በተዘጋው ሱቅ፣ በሚሰማው ተኩስ ሰው ሁሉ ተጨንቆ ሳለ፣ የእሷ ጭንቀት አንዲት ማንቆርቆሪያ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ለዚህም አፈረች።

ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ እመት መሪማ ከተማ ገቡ። በጨፋ ሮቢት በኩል የገበሬ አህያ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቀን ሄደው አንድ ቀን እያደሩ የመጡ ናቸው፤ ወባ ይዟቸው ነበር፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ረቢአ ደግፋ አስገባቻቸው፤ አስተኛቻቸው፤ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያዘች።

“ማን ሞተ?” አሉ፤ መጀመሪያ የጠየቁት ይህን ነበር።

ረቢአ ነገረቻቸው። ምንም አልደበቀችም፤ የሱዓድንም ልመና፣ የራሷንም መልስ ነገረቻቸው። እመት ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

“ጠብቂኝ ብዬሽ ነበር?” አሉ በመጨረሻ።

“ገና ነሽ ብለውኝ ነበር።”

“ብዬሻለሁ።” ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ቀጠሉ። “ስሚ ረቢአ፤ በሰባ ሰባት፣ በረሃቡ፣ ሰው ከላይ ከደጋው እየወረደ በዚህ መንገድ ዳር ሲረግፍ፣ አጣቢዋ ቀድማ ሞተች። አንዲት ሴት ከነልጇ ደጃፌ ላይ ሞታ አደረች። እኔ ጀናዛ ሲታጠብ በዓይኔ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። ከጓዳ ውሃ አምጥቼ ዝም ብዬ እንደ ሕያው ሰው አጠብኋት። ቀኝና ግራውን እንኳ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።”

“ታዲያ ማን አፈሰሰልዎ?”

“ማን ይኖራል?” አሉ እመት። “ማንም አላፈሰሰልኝም። ወጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰው እንዲያከብረው ብዬ፤ ደግሞም እንዳያቃልለው ብዬ።”

ረቢአ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ተቆጣች፤ በሕይወቷ በእኝህ ሴት ላይ ተቆጥታ አታውቅም ነበር። “ሰባት ዓመት” አለች። “እመት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን ያዙኝ?”

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። “ከሦስት ዓመት በፊት ደርሰሽ ነበር። አይቼሻለሁ። ግን ማንቆርቆሪያውን የያዝሁ ቀን፣ ቀጥላ የምትታጠበው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። የሰው ሁሉ ሞት ሳይከብደኝ የራሴ ከበደኝ። አላህ ይማረኝ፤ የዓፊያ ሐቅ ከኔም አንገት ላይ ነው።”

ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ረቢአ ከግድግዳው ማንቆርቆሪያውን አወረደች፤ ውሃ ሞላችበት፤ እመትን በቀኝ እጃቸው አስያዘቻቸው፤ የራሷን ሁለት መዳፎች ከበታቹ ዘረጋች። “አሁን ያፍስሱልኝ” አለች። እመት ሊያነሡት ሞከሩ። ናሱ ከባድ ነው፤ ወባው ደግሞ ክንዳቸውን ጨርሶታል፤ ማንቆርቆሪያው ከአልጋው ጠርዝ ከፍ አላለም። “ትንሽ ልረፍና ነገ ጠዋት” አሉ።

ንጋት ላይ ሱብሂ ሲሰገድ እመት አልፈው ነበር።

ረቢአ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ትናንት በሞላችው ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ኢጃዛው እስከ እጇ ድረስ መጥቶ ቀርቷል። ሼህ አደም መጥተው አጠገቧ ቆሙና ጥያቄውን ሳይጠይቋት ጠበቁ። ረቢአ እጇን አየች፤ አሁንም ፈርታለች፤ የዚያን ዓርብ የፈራችውን ያህል፣ ምናልባትም በበለጠ። ፍርሃቱ እስኪተወኝ ልጠብቅ ብላ አሰበች፤ እንደማይተዋትም ያን ጊዜ ገባት።

“ሼህ፣ ወንዶቹን አውጡልኝ” አለች።

የእመትን ሣጥን ከፈተች። ከፈናቸው ተቀድዶ፣ ተጣጥፎ፣ አምስቱም ቁራጭ በየተራው ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ከብዙ ዓመት በፊት ያዘጋጁት መሆኑ ከእጥፉ ቢጫነት ያስታውቃል። ለመቃብሩ ተዘጋጅተው ነበር፤ ለማንቆርቆሪያው ግን አልተዘጋጁም። ከመጨረሻው ውሃ ጋር የሚቀላቀለውን መዓዛ፣ ካፉር፣ ፈለገች፤ የለም፤ ገበያው ተዘግቷል። የቁርቁራውን ቅጠል ወቀጠች። ከዚያ አንድ ነገር ጎደላት፤ የምታፈስላት ሰው አልነበረችም። በአንድ እጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ በአንድ እጅ ማጠብ አይቻልም።

በሩ ተንኳኳ። ሱዓድ ነበረች፤ በጄሪካን ውሃ ይዛለች።

“እመት መሞታቸውን ሰማሁ” አለች፤ ዓይኗን ከረቢአ አርቃ። “ላንቺ ብዬ አልመጣሁም። አያቴን ያጠቡ ናቸው።”

“እወቂልኝ ሱዓድ፤ እኔ ፈቃድ አላገኘሁም። ሳይሰጡኝ ነው የሞቱት።”

“አልጠየቅሁሽም” አለች ሱዓድ፤ ማንቆርቆሪያውንም አነሣች።

ረቢአ ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። አጀማመሯ አላማረም፤ ከቀኙ በፊት ግራውን ነካች፤ ደንግጣ ቆመች፤ እንደገና ከቀኝ ጀመረች። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ ሦስት መሆኑን ሱዓድን ጠየቀቻት፤ ሱዓድም “ሁለት ነው” አለቻት፤ ሦስተኛውን ጨመሩ። ሱዓድ ውሃውን በዝግታ ታፈሳለች፤ ባዘዘቻት ቦታ፣ ባዘዘቻት ልክ። ረቢአ ያን ቀጭን ገላ ስታገላብጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አየች፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የፈራቻቸው ሴት ይህችን ያክሉ ነበር። ፀጉራቸውን ሦስት ቦታ ጎንጉና ወደ ኋላ መለሰችው። የመጨረሻው ውሃ ሲፈስ ፍርሃቷ አሁንም አልተዋትም ነበር፤ ሥራው ግን አልቋል።

ከፈኑን አስረው ሲጨርሱ ሁለቱ ሴቶች በጀናዛው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ቀሩ። ሱዓድ እርጥብ እጇን በሻሿ ጫፍ አደረቀች።

“ይኸው ነው?” አለች። “ይህን ያህል ብቻ ነው?”

“ይኸው ነው” አለች ረቢአ።

ሱዓድ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ራሷን በጉልበቶቿ መካከል ደፍታ አለቀሰች። ረቢአ ልታቅፋት ፈለገች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። “አፉ በይኝ” ብቻ አለቻት።

“እኔን ሳይሆን እናቴን ጠይቂያት” አለች ሱዓድ። ተነሥታም በሩ ዘንድ ስትደርስ ዞር አለች። “ሌላ ሰው ከሞተ ግን ማንንም እንዳትጠብቂ። ላኪብኝና እመጣለሁ።”

በኅዳር መጨረሻ ገደማ ጦሩ ለቀቀ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ ስልኩም ከብዙ ቀን በኋላ ተመለሰ። በጥር ወር ጉዳት የሚመዘግብ ወጣት ጸሐፊ ቅጽ ይዞ በየቤቱ ዞረ፤ ሰውም የተዘረፈበትን፣ የተቃጠለበትን፣ የሞተበትን አስመዘገበ። ረቢአ ደጅ ሲደርስ ሁለት ሴቶች ቁርቁራ ሲወቅጡ አገኘ፤ አንደኛዋ ሱዓድ ነበረች። ከኅዳር ወዲህ አራት ጀናዛ አብረው አጥበዋል፤ ከሥራው ውጭ ግን ብዙ አይነጋገሩም።

“ምን ንብረት ወደመብሽ እቴ?” አለ ጸሐፊው ረቢአን።

“ንብረት አልወደመብኝም።”

“ቤተሰብ የሞተብሽ?”

“የለም።”

“ሌላስ የደረሰ ነገር አለ?”

ረቢአ መውቀጡን አቆመች። ሱዓድም አቆመች።

“አንዲት ሴት ሳላጥባት ቀርታብኛለች” አለች ረቢአ።

ጸሐፊው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ አጣለት። ሰውን ማስከፋት የማይወድ ልጅ ነበርና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ፤ ከዚያ በስሟ ትይዩ “ጉዳት የለም” ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ያ መዝገብ ዛሬ ከሌሎች መዛግብት ጋር ተቀምጦ ይሆናል፤ የዚያን ዘመን ነገር የሚያጠና ሰው አንድ ቀን ገልጦ ቢያየው፣ ረቢአ የምትባል የከሚሴ ሴት ጦርነቱ ሳይነካት እንዳለፈ ያነባል። የዓፊያ መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሜዳው አፋፍ ላይ ነው። ረቢአ በየዓርቡ ወደዚያ ትሄዳለች፤ የናሱን ማንቆርቆሪያ ሞልታ ትወስድና በመቃብሩ አፈር ላይ፣ ከቀኝ ጀምራ፣ ሦስት ጊዜ ታፈሳለች። ይህን በዲኑ ያዘዛት የለም፤ ሼህ አደምም አይተው አልከለከሏትም።